ኬንትሮስ ሰዓት ነው

ጂዳ የሚኖር አንድ ጓደኛዬ አዲስ አበባ ዳርቻ፣ ወደ አያት በኩል፣ ለእናቱ ቤት ሊሠራበት ያሰበው ቦታ አለው። ባለፈው ዓመት "እስቲ ሄደህ አጥሩ በልኩ መታጠሩን እይልኝ" ብሎ በስልክ ሁለት ቁጥሮች ላከልኝ። ከነጥብ በኋላ ያሉትን ረዣዥም አሃዞች ልተዋቸውና 38.87፣ 9.03 ይላሉ። እንዳሉ ወስጄ ስልኬ ላይ ያለው ካርታ ውስጥ ለጠፍኳቸው። ስልኩ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ፣ ከሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ፣ ውሃ ላይ ወስዶ ጣለኝ።

ቁጥሮቹ ራሳቸው ደህና ነበሩ። የተሳሳተው ቅደም ተከተላቸው ነው። ስልኮቻችን ላይ ኬክሮስ ይቀድማል፣ ኬንትሮስ ይከተላል። ለጓደኛዬ ቁጥሩን የጻፈለት ሰው ግን ኬንትሮሱን አስቀድሞታል። ባቀያይራቸው ጊዜ ነጥቡ ዘሎ አያት አካባቢ አረፈ። እዚያም ሌላ ጣጣ ጠበቀኝ፤ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

"ኢትዮጵያ ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ፣ ከ33 እስከ 48 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ መካከል ትገኛለች።" ይህችን ዐረፍተ ነገር ያልሸመደደ የአገራችን ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ሆኖም የትኛው አግድም፣ የትኛው ቋሚ እንደሆነ ፈተና ላይ የተምታታብን ብዙ ነን። ስማቸው ይመሳሰላል። የተማርናቸውም እንደ መንትያ ነው። እኔ ግን ጠባያቸው ለየቅል መሆኑን ካወቅሁ ወዲህ ተምታተውብኝ አያውቁም። ኬክሮስን ሰማዩን አይቶ ማንበብ ይቻላል። ኬንትሮስን ለማወቅ ሰዓት ያስፈልጋል።

ከቀላሉ እንጀምር። ምድር እንደ እንዝርት ትሽከረከራለች። የእንዝርቱ ሁለት ጫፎች የሰሜንና የደቡብ ዋልታ ናቸው። ከሁለቱም እኩል ርቆ ምድርን በመሃሏ የሚዞራት መስመር የምድር ወገብ ነው። ኬክሮስ ማለት ከዚህ ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ስንት ዲግሪ እንደራቅን የሚነግረን ልክ ነው። ወገቡ ላይ 0፣ ዋልታዎቹ ላይ 90። አንድ ዲግሪ ኬክሮስ መሬት ላይ ሲለካ ወደ 111 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ላይ ናት። ስለዚህ ከምድር ወገብ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ትርቃለች ማለት ነው።

ይህን ቁጥር ያለ ምንም መሣሪያ ማየት ይቻላል። ደመና በሌለበት ሌሊት፣ ሰሜኑ በተራራ ካልተጋረደባችሁ፣ የሰሜን ኮከብን ፈልጉ። ኮከቧ የምድር እንዝርት በሚያመለክትበት አቅጣጫ ላይ ያለች ያህል ናት። ከአድማስ በላይ ስንት ዲግሪ ከፍ ብላ እንደምትታይ ለኩ። የምታገኙት ቁጥር ኬክሮሳችሁ ነው። እጃችሁን ጨብጣችሁ ክንዳችሁን ሙሉ በሙሉ ብትዘረጉ፣ ጭብጡ ከሰማዩ 10 ዲግሪ ገደማ ይሸፍናል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ኮከቧ ከአድማስ አንድ ጭብጥ እንኳ የማይሞላ ከፍታ ላይ ናት። ስቶክሆልም ያለ ወገናችን ደግሞ ስድስት ጭብጥ ያህል አንጋጦ ያያታል፤ ከተማዋ 59 ዲግሪ ላይ ናትና። ከወገቡ በስተደቡብ ያለ ሰው ጭራሽ አያያትም።

ቀን ቀን ደግሞ ፀሐይ አለች። ፀሐይ በዓመት ውስጥ ወደ ሰሜን ትመጣለች፣ ትመለሳለች። አዲስ አበባ ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 5 አካባቢና ነሐሴ 24 አካባቢ፣ በትክክል አናታችን ላይ ታልፋለች። ነሐሴ ላይ ዳመናው አያሳይም። ሚያዝያን ግን ሞክሩት። ቀጥ ያለ ዱላ መሬት ላይ ትከሉ። ከቀኑ 6 ሰዓት ከ25 ገደማ ጥላው ከሥሩ ገብቶ ይጠፋል። (ለምን በ6 ሰዓት አልሆነም? ይህች 25 ደቂቃ ወደ ኬንትሮስ የምታሻግረን ድልድይ ናት፤ ያዙልኝ።)

የጠፋ ጥላ ቀላል ነገር አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት እስክንድርያ የኖረው ኤራቶስቴንስ የምድርን ዙሪያ የለካው በዚሁ ነው። ዓባይ ዳር ያለችው የዛሬዋ አስዋን በዓመቱ ረጅሙ ቀን እኩለ ቀን ላይ ጥላ እንደማይኖራት ሰምቷል። በዚያው ቀን እስክንድርያ ላይ ጥላውን ሲለካ ፀሐይ ከአናት በ7 ዲግሪ ገደማ ዘንበል ብላ አገኛት። ይህም ከሙሉ ክብ አንድ ሃምሳኛው ነው። ስለዚህ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን ርቀት በሃምሳ አባዛው። ምድር ክብ መሆኗን ማወቅ አንድ ነገር ነው። ዙሪያዋን በዱላ ጥላ ማስላት ግን እስካሁን ይደንቀኛል።

ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ስንት ዲግሪ እንደራቅን የሚነግረን ኬንትሮስ ግን በዚህ መንገድ እሺ አይልም። ምድር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለምትዞር፣ በአንድ ኬክሮስ ላይ ያሉ ሰዎች ሁሉ በተራቸው ያንኑ ሰማይ ያያሉ። አዲስ አበባና የናይጄሪያዋ አቡጃ ሁለቱም 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናቸው። አቡጃ ላይ የሚታየው የሌሊት ሰማይ አዲስ አበባ ላይ የታየው ነው፤ ልዩነቱ ሁለት ሰዓት ያህል መዘግየቱ ብቻ ነው። ሰማዩን ብቻ አይቶ የትኛዋ ከተማ ላይ እንደቆመ ማወቅ የሚችል ሰው የለም።

በዚያ ላይ ኬንትሮስ መነሻ የለውም። ወገቡን ተፈጥሮ ሰጥታናለች። ከሰሜን ዋልታ እስከ ደቡብ ዋልታ ከሚወርዱት ቋሚ መስመሮች መካከል ግን "ዜሮ እኔ ነኝ" የሚል የለም። ሰዎች ናቸው የሚመርጡት። የጥንቱ የጂኦግራፊ ሊቅ በጥሊሞስ ከሚያውቀው ዓለም ምዕራባዊ ጫፍ፣ ከካናሪ ደሴቶች አካባቢ ቆጠረ። ፈረንሳዮች ከፓሪስ፣ እንግሊዞች ለንደን አጠገብ ካለው ከግሪንዊች ቆጠሩ። በ1884 (ከዚህ ጀምሮ ያሉት ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የ25 አገሮች መልእክተኞች ዋሽንግተን ላይ ተሰብስበው ግሪንዊችን መረጡ። 22 ደገፉ፣ አንድ ተቃወመ፣ ፈረንሳይና ብራዚል ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ግሪንዊች ያሸነፈው መሬቱ የተለየ ስለሆነ አይደለም። በዘመኑ አብዛኞቹ የንግድ መርከቦች የሚጠቀሙበት ካርታ አስቀድሞ ከዚያ ስለሚቆጥር ነው።

መነሻው ከታወቀ የቀረው ሰዓት ነው። ምድር 360 ዲግሪ ለመዞር 24 ሰዓት ይፈጅባታል። ስለዚህ በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ፣ በአራት ደቂቃ አንድ ዲግሪ ትዞራለች። እኔ ካለሁበት እኩለ ቀን ሲሆን ግሪንዊች ላይ ስንት ሰዓት እንደሆነ ካወቅሁ፣ ልዩነቱን ወደ ዲግሪ ለውጬ ኬንትሮሴን አገኛለሁ። ነገሩ በሙሉ ይኸው ነው።

ይህን ለማየት ከአገር መውጣት አያስፈልግም። ጅግጅጋ 42.8፣ ጋምቤላ 34.6 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ናቸው። ልዩነታቸው 8 ዲግሪ ከምናምን ነው። በአራት ደቂቃ አባዙት፣ 33 ደቂቃ ገደማ ይመጣል። የሁለቱም ከተሞች የእጅ ሰዓት አንድ ነው፤ ፀሐያቸው ግን አንድ አይደለችም። ጅግጅጋ ላይ ጎህ ቀድዶ ፀሐይ ስትወጣ ጋምቤላ ላይ ገና ግማሽ ሰዓት ይቀራታል። ከምሥራቅ ጫፋችን እስከ ምዕራብ ጫፋችን ያለው ከ33 እስከ 48 ደግሞ ልክ 15 ዲግሪ ነው። ያች የሸመደድናት ዐረፍተ ነገር "የኢትዮጵያ ስፋት የአንድ ሰዓት ፀሐይ ነው" ማለቷ ነበር። ማንም አልነገረንም እንጂ።

ያስያዝኳችሁ 25 ደቂቃም እዚሁ ይፈታል። የአገራችን ሰዓት ከግሪንዊች በሦስት ሰዓት ይቀድማል። ሦስት ሰዓት 45 ዲግሪ ነው። 45 ዲግሪ የሚያልፈው ሶማሌ ክልል ውስጥ፣ ከዋርዴር ትንሽ ወደ ምዕራብ ብሎ ነው። የእጅ ሰዓታችን በትክክል የሚነግረን የዚያን አካባቢ ፀሐይ ነው። አዲስ አበባ ከዚያ መስመር 6 ዲግሪ ከሩብ ገደማ ወደ ምዕራብ ስላለች፣ እኩለ ቀኗ በአማካይ 25 ደቂቃ ይዘገያል። ጓደኛዬ ያለባት ጂዳ 39.2 ላይ ናት። ከእኔ በስተሰሜን እጅግ ትርቃለች፤ ፀሐይ ግን ከእሱ እኩለ ቀን ተነሥታ የኔ ላይ ለመድረስ ሁለት ደቂቃ አይፈጅባትም።

ይህን ሁሉ መርከበኞች በ17ኛው መቶ ዓመትም ያውቁ ነበር። የጎደላቸው ሰዓቱ ነው። ያኔ ትክክለኛ የሚባለው ሰዓት በፔንዱለም የሚሠራ ነበር፤ ፔንዱለም ደግሞ ማዕበል በሚንጠው መርከብ ላይ አይሠራም። ስለዚህ መርከቦች ኬክሮሳቸውን ለክተው ኬንትሮሳቸውን በግምት ይሄዱ ነበር። ግምት ይገድላል። በ1707 ከጊብራልታር ወደ አገሩ ይመለስ የነበረ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ቡድን ያለበትን ቦታ ስቶ ሲሊ ደሴቶች አጠገብ ካሉ ድንጋዮች ጋር ተጋጨ። አራት መርከቦች ሰጠሙ። ከ1,000 በላይ ሰው አለቀ፤ አድሚራሉ ክላውድስሊ ሾቭልም ከሟቾቹ አንዱ ነበር።

በ1714 የእንግሊዝ ፓርላማ ኬንትሮስን በግማሽ ዲግሪ ውስጥ ለይቶ ለሚያሳይ ዘዴ 20,000 ፓውንድ እሸልማለሁ አለ። ለዘመኑ የትየለሌ ገንዘብ ነው። ታላላቆቹ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት መልሱን ከጨረቃና ከከዋክብት ጠበቁ። ያመጣው ግን ጆን ሃሪሰን የሚባል፣ ሰዓት መሥራትን በራሱ የተማረ አናጢ ነው። ሦስት ትልልቅ ሰዓቶች ሠራ፤ አልረካም። አራተኛውን በ1759 ጨረሰ። 13 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ትልቅ የኪስ ሰዓት የሚመስል ነገር ነው። ልጁ ዊልያም ይዞት ወደ ጃማይካ ተጓዘ። ከ81 ቀን በኋላ ሰዓቱ የዘገየው 5 ሰከንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ። 5 ሰከንድ በዚያ አካባቢ ባሕር ላይ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። ያም ሆኖ ሹማምንቱ ሌላ ፈተና፣ ሌላ ቅድመ ሁኔታ እያሉ አመላለሱት። ፓርላማው የመጨረሻውን ትልቅ ክፍያ የሰጠው በ1773 ነው፤ ሃሪሰን ያኔ 80 ዓመቱ ነበር። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ያበሳጨኛል።

ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክም የሃሪሰን ልጅ ነው። ጂፒኤስ የምንለው ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚዞሩ ወደ 30 የሚጠጉ ሳተላይቶች ናቸው። እያንዳንዱ የአቶም ሰዓት ተሸክሟል። ሥራው "እኔ እዚህ ነኝ፣ ሰዓቱም ይህን ያህል ነው" እያለ ያለማቋረጥ መናገር ነው። ስልኩ መልእክቱ እስኪደርሰው የፈጀውን ጊዜ ይለካል። ሲግናሉ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ስለሚበር፣ ጊዜው ርቀት ይሆናል። የሦስት ሳተላይት ርቀት ቦታውን ይሰጠዋል። አራተኛው ለምን አስፈለገ? የስልኩ የራሱ ሰዓት ርካሽ ስለሆነ ነው፤ አራተኛው ሳተላይት ያርምለታል። የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ስህተት 300 ሜትር ያስታል። እንዲያውም ሳተላይት ላይ ያለ ሰዓት፣ አንስታይን እንዳስተማረው፣ መሬት ላይ ካለው በቀን በ38 የሰከንድ ሚሊዮንኛ ይፈጥናል። ይህ ባይታረም ካርታችን በየቀኑ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ይንሸራተት ነበር።

ስለ ጊዜ ካነሣሁ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ኬክሮስ የሚለው ቃል በባሕረ ሐሳብ ውስጥ አለ። እዚያ ግን ቦታን አያመለክትም። የዕለት አንድ ስድሳኛ ነው፤ በዛሬው ሰዓት 24 ደቂቃ። በ24 ደቂቃ ምድር 6 ዲግሪ ትዞራለች። የጥንት ሊቃውንቶቻችን ጊዜ የቆጠሩበትን ቃል እኛ ለቦታ አዋልነው። ምርጫው ለእኔ ቢሰጠኝ ቃሉን ለኬንትሮስ እሰጠው ነበር፤ ጊዜ የሚለካው እሱ ነውና። አሁን ግን መጻሕፍቱ ሁሉ ለምደውታል።

እዚህ ላይ ቁጥሮቹን ስለማንበብ ጥቂት ልበል። ስልክ ላይ ሰሜንና ምሥራቅ ያለ ምልክት ይጻፋሉ። ደቡብና ምዕራብ የመቀነስ ምልክት ይወስዳሉ። ምልክቷ ትንሽ ናት፤ ጉዳቷ ግን ትልቅ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ 38.9፣ −77.0 ናት። ምልክቷን ብትረሱ ምዕራብ ቻይና፣ ሺንጂያንግ ውስጥ ትገኛላችሁ። ከነጥብ በኋላ ያለው አምስተኛ አሃዝ አንድ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ በላይ ለሰፈር ሥራ አያስፈልግም። የኬንትሮስ ዲግሪ ደግሞ ወደ ዋልታ በሄድን ቁጥር ይጠብባል። አዲስ አበባ ላይ 110 ኪሎ ሜትር፣ ስቶክሆልም ላይ 57፣ ዋልታው ላይ ምንም። መስመሮቹ ሁሉ እዚያ ይገናኛሉና።

ለመሬት ቀያሽ ይህ የሚጠብ ዲግሪ አይመቸውም። እሱ በሜትር ማሰብ ይፈልጋል። ስለዚህ ዓለምን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በ60 ቁራጭ ከፍለው፣ እያንዳንዷን 6 ዲግሪ አድርገው፣ እንደ ጠፍጣፋ ወረቀት የሚለኩበት ዘዴ አለ። ዩቲኤም ይባላል። ስድሳ ቁራጭ፣ ስድስት ስድስት ዲግሪ፦ ልክ የባሕረ ሐሳቡ ኬክሮስ። ፀሐይ እያንዳንዷን ቁራጭ የምታቋርጠው በአንድ ኬክሮስ ጊዜ ነው። ሆን ተብሎ የተደረገ አይደለም፤ ደስ ስለሚለኝ ነው የምነግራችሁ።

የይዞታ ካርታችሁ ላይ ከማዕዘኖቹ ጎን ኤክስና ዋይ ተብለው የተጻፉ ረዣዥም ቁጥሮች ካሉ፣ የዚህ ዘዴ ናቸው። አዲስ አበባ ያለችበት ቁራጭ 37ኛው ነው፤ ከ36 እስከ 42 ዲግሪ ይይዛል። መሃሉ 39 ዲግሪ ላይ ኤክስ 500,000 ተብሎ ይነሣል፤ የመቀነስ ቁጥር እንዳይመጣ ነው። የጓደኛዬ ካርታ ኤክሱ በ485 ሺህ ይጀምራል። ስለዚህ ቦታው ከ39 ዲግሪ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምዕራብ ነው። ዋዩ በ998 ሺህ ይጀምራል፤ ከምድር ወገብ በሜትር ያለው ርቀት ማለት ነው። ወደ ሰሜን ሲኬድ ይህ ቁጥር ስድስት ኪሎ አካባቢ አንድ ሚሊዮን ይሞላል። በዚህ ዘዴ ምሥራቁ፣ ማለትም ኤክሱ፣ ይቀድማል። ለጓደኛዬ ወደ ዲግሪ የለወጠለት ሰው ኬንትሮሱን ያስቀደመው ከዚህ ልማድ ተነሥቶ መሆን አለበት።

አሁን ወደ ቀረው ጣጣ። ቁጥሮቹን አቀያይሬ ቦታው ድረስ ሄድኩ። ስልኬ "ደርሰሃል" ያለኝ የሰው ጎመን ማሳ ላይ ነው። የጓደኛዬ አጥር ከወንዙ ማዶ፣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ከ200 ሜትር በላይ ርቆ ይታያል። ደነገጥኩ። መሬት በአገራችን ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ጎረቤት የተሳሳተ ቦታ ታጥሯል ሊል ነው፣ ክስ ሊመጣ ነው፣ እያልኩ ላብ አጠመቀኝ። አንድ ቀያሽ ወንድማችንን ጠርቼ ካርታውን አሳየሁት። ቁጥሮቹን እንዳየ "ይሄ አዲንዳን ነው" አለ።

ምድር ፍጹም ድቡልቡል አይደለችም። ወገቧ ላይ ሰፋ፣ ዋልታዎቿ ላይ ጠፍጠፍ ትላለች። ስለዚህ ቀያሾች ለስሌታቸው የሚመቻቸውን የምድር ቅርጽ መርጠው አንድ ቦታ ላይ ይቸክሉታል። የኢትዮጵያ የድሮ ካርታዎች የተቸከሉት በሱዳንና በግብፅ ድንበር አካባቢ፣ አዲንዳን በሚባል ቦታ ባለ ነጥብ ነው። ስልኮቻችን የሚጠቀሙት ቅርጽ ደግሞ በምድር መሃል፣ ለዓለም ሁሉ የተሰላ ነው። ሁለቱ ስለሚለያዩ አንድ ቦታ ሁለት ዓይነት ቁጥር ይኖረዋል። በዩቲኤም ሲጻፍ አዲስ አበባ ላይ ልዩነቱ ወደ ምሥራቅ 90፣ ወደ ሰሜን 200 ሜትር ገደማ ነው። ግሪንዊች ራሷ ከዚህ አላመለጠችም። ጎብኚዎች ፎቶ የሚነሡበት የዜሮ መስመር ላይ ቆሞ ስልኩን የሚያይ ሰው ዜሮን አያገኝም። የስልኩ ዜሮ 102 ሜትር ወደ ምሥራቅ ነው።

ቀያሹ ቁጥሮቹን ቀይሮ መሣሪያውን ተከለ። ጥቂት ሄደ፣ ቆመ፣ በእግሩ ሣሩን ገለጥ ገለጥ አደረገ። ከአጥሩ ማዕዘን ሥር፣ በሙጃ የተሸፈነች የድሮ የኮንክሪት ችካል ብቅ አለች። አጥሩ በልኩ ነበር። ችካሏን ፎቶ አንሥቼ ለጂዳ ላክሁለት። ከሥሯ ሁለቱን ቁጥሮች ጻፍኩለት፣ ኬክሮሱን አስቀድሜ።